በፎቶው ውስጥ የተዘጋው በር

ይህን ምሳሌ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ተሳስቼ ይሆናል። በተለይ የክፍሎቹን ብዛትና የበሩን ቀለም በተመለከተ ራሴን አላምንም። ጥያቄውን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

ጠያቂው ልሳኑ የሚባል የሰፈራችን ወጣት ነበር። ለእጮኛው ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሚላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ወደሆኑት ወደ መምህር ይርዳው ቤት መጣ። እኔ የተዋስኩትን መጽሐፍ ልመልስ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ልሳኑ የሚጥል በሽታ አለበት። በክኒን ተይዞለት ከወደቀ ሦስት ዓመት አልፎታል። ልጅቱ አታውቅም።

«መምህር፣» አለ ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ «ያልተጠየቁትን ዝም ማለት ውሸት ነው?»

«እሑድ የምጠየቀው እኮ እኔ ነኝ፣» አሉ መምህር። « ጤንነቱስ እንዴት ነው ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ካልጠየቁ ነው ያልኩት።»

መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና እንዲህ ብለው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ። ዳገት ላይ የተሠራ ቤት ነበረው፤ ሠላሳ ዓመት ኖሮበታል። አሁን ግን የሚስቱ ጉልበት ዳገቱን እምቢ አለ። ከግቢው በር ተነሥታ አስፋልቱ ጋ እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ትቀመጣለች። ሜዳ ላይ ቤት እንዲገዛላት ይህን መሸጥ ነበረበት፤ ያውም ክረምቱ ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ።

ቤቱ ስድስት ክፍል ነበረው። አምስቱ የሚያኮሩ ናቸው። ስድስተኛው፣ ከኋላ ያለው፣ ግድግዳው ከዳገቱ አፈር ጋር ስለሚገናኝ በክረምት ያልበዋል። ሰውዬው በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይለስነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል። ሐምሌ ሲመጣ ግድግዳው ቀለሙን መልሶ ይተፋዋል።

ቤቱን ለገዥ የሚያሳይ ፎቶ አንሺ ተጠራ። ይህ ፎቶ አንሺ ገዥው በስልኩ ላይ ጣቱን እያስኬደ ከክፍል ክፍል የሚዞርበትን ምስል የሚሠራ ነው። ካሜራው ፊቱንም ኋላውንም በአንድ ጊዜ ስለሚያይ፣ በሚያነሣበት ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ሰው መገኘት የለበትም፤ ፎቶ አንሺው ራሱ እንኳ። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከሱ ጋር ከሳሎን ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ መኝታ ቤት ሲሸሹ ዋሉ።

«በስተርጅና ድብብቆሽ!» አለች ሚስቲቱ ከበር ኋላ ተለጥፋ እየሳቀች።

ስድስተኛው በር ዘንድ ሲደርሱ ባልየው ቀድሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። «ይኼ ይቅር። ቁልፉ ጠፍቶብናል።»

ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ሚስቱ ታውቃለች። አየችው። እሱ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።

«እንደፈቀዱ፣» አለ ፎቶ አንሺው። «ግን በሩ ከኮሪደሩ ይታያል።»

«በር በር ነው። ምኑ ይታያል?»

ምስሉ ወጣ። በሳምንቱ ስልኩ ይጮህ ጀመር። ሰውዬው ስለ ሳሎኑ ስፋት፣ ስለ ውሃ ታንከሩ፣ ስለ ይዞታ ካርታው የሚመልሰውን አሰናድቶ ይጠብቅ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

«ጋሼ፣ ያ ሰማያዊ በር ወዴት ነው የሚያስገባው?» ይሉታል።

«ዕቃ ቤት ነው።»

«እሺ፣ እንደውላለን።» አይደውሉም።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ። መንገዱ ጨቀየ፤ ሚስቲቱ ከግቢ መውጣት ተወች። ሰውዬው ግራ ቢገባው ደላላውን ጠርቶ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እነግርዎታለሁ፤ ግን አይቆጡ፣» አለ ደላላው። «አንዱ ሰው ተገድሎበታል ይላል። አንዷ ደግሞ አጋንንት ሰፍሮበታል ትላለች። የባሰው ግን የማይወጣ ተከራይ አለበት የሚለው ነው።»

«ከተገደለው የባሰ?»

«የሞተ ሰው ቢያንስ ፍርድ ቤት አይሄድም!»

ሰውዬው ሊቆጣ ብሎ መቆጣቱ ጠፋበት። ነገሩ ከንዴት ይልቅ አስገረመው። ወደ ፎቶ አንሺው ሄደ። ፎቶ አንሺው ተመልካቾች የት የት እንደቆሙ የሚያሳይ ቁጥር ነበረውና አወጣለት። ቤቱን ከዞሩት አራት መቶ ሰዎች ሁለት መቶ ሰማንያው ያ በር ፊት ቆመው፣ ይከፈት እንደሆነ በጣታቸው ነክተውታል። ሰውዬው በገዛ እጁ የሠራውን፣ የሚኮራበትን የሳሎኑን የዋንዛ ኮርኒስ ቀና ብለው ያዩት አሥራ ሁለት ናቸው።

«ለምን ይሆን?» እያለ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የሚስቱን ስልክ ተቀብሎ ተቀመጠና የራሱን ቤት እንደ እንግዳ ይዞር ጀመር። ሳሎን ገባ፤ ማድቤት ገባ፤ ኮሪደሩ ላይ ደረሰ። ከበሩ ኋላ ምን እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ሆኖም ጣቱ፣ ሳያስበው፣ ሄዶ በሩን ነካ።

ሚስቱ ከኋላው ቆማ ታይ ነበር። «ቁልፉ ተገኘ?» አለችው።

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ፎቶ አንሺው ተመልሶ ሲመጣ ሐምሌ አጋማሽ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ውሃው መስመር እየሠራ ይወርዳል።

«አልጋውን ወደዚህ ብንገፋው ይሸፍነዋል፣» አለ ፎቶ አንሺው። «ወይ ጥር ላይ ብናነሣው?»

«አይሆንም። እንዲህ እንዳለ ዛሬ አንሣው።»

ከዚያ በኋላ የሚደውለው ሰው ቁጥር ቀነሰ። አንዳንዱ ግድግዳውን አይቶ ቀረ። የደወሉት ግን ጥያቄያቸው ሌላ ሆነ። አንዲት ሴት በጃንጥላ ዳገቱን ወጥታ መጣችና መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ስንት ወር ያልበዋል?»

«ከሐምሌ እስከ መስከረም።»

«ከላይ በኩል ቦይ ቢቆፈርለትስ?»

«እንጃ። እኔ ቀለም ስቀባ ነው የኖርኩት።»

ሳቀች። «እኔ የተከራየሁት ቤት ሁለት ግድግዳ ያልበዋል። አከራዬ ግን ልብስ ስለምታጥቢ ነው ይሉኛል።»

ቤቱን ገዛችው። ባልና ሚስቱም ከዳገቱ ወረዱ፤ ሚስቲቱ ሦስት ጊዜ ተቀምጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ።

መምህር ይርዳው ይህን ተናግረው ወደ ልሳኑ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዝም ማለት ውሸት ነው ወይ ብለኸኛል። እሱን ለሚያውቁት እንተወው። ሰውዬው በሩን ሲዘጋ ምንም ያልተናገረ መስሎት ነበር፤ በሩ ግን ሲናገር ከረመ። ያንተ ቤት አምስቱ ክፍል ደኅና ነው። ነገር ግን ክኒንህን ተደብቀህ ስትውጥ፣ መኪና አልነዳም ስትል፣ ሰርግ ቤት ሳታመሽ ሹልክ ስትል፣ ልጅቱ የምታየው ግድግዳውን አይደለም፤ በሩን ነው። ከኋላው ምን እንዳስቀመጠች ማን ያውቃል? ሌላ ሴት ይሆናል። በር ሲዘጋ ሰው ይገምታል፤ ሲከፈት ይጠይቃል። ለግምት መልስ የለህም። ለጥያቄ ግን አለህ።»

ልሳኑ ቀና ብሎ አያቸው። «አይታ ብትቀርስ?»

«ትቀር ይሆናል። ከገዥዎቹም የቀሩ አሉ አልኩህ እኮ። ግን ግድግዳውን አይተው ነው የቀሩት፤ ያልተገደለውን ሰው ፈርተው አይደለም።»

ልሳኑ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጅ ወጣ። መምህር መነጽራቸውን አደረጉ፤ እኔም መጽሐፉን አስረክቤ ሄድኩ።

ቤቱ ስድስት ክፍል ይሁን ሰባት፣ በሩ ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ፣ ዛሬም አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ በኋላ ከመምህር ጋር የተላኩትን ሌላውን ሽማግሌ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እሑድ ዕለት ነገሩ ሁሉ ሲነገራቸው የልጅቱ አባት የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ክኒኑን የሚውጠው ከእራት በፊት ነው ወይስ በኋላ?»