የጄሪካን ኳኳታ

የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ብርቅነህ አዲሱን ቦኖ ሊመርቁ ሰፈራችን መጡ። ቦኖው ሪባን ታስሮለታል፤ ውሃ ግን ገና አልመጣለትም። ሰፈራችን ውስጥ ሠርግ በስልክ የምትቀርጽ፣ መልስ የማይቸግራት አንዲት ሴት አለች። «ንግግሬን ቅረጪልኝ» ብለው አዘዟት።

ቀረጸች። መልሰው ሲሰሙት ግን «ለሕዝባችን ውሃ አድርሰናል» ባሉ ቁጥር ከኋላቸው ኳ! ኳ! ይላል። ለካ ወረፋ የተያዘባቸውን ባዶ ጄሪካኖች ነፋሱ እያጋጫቸው ኖሯል።

«ድምፁን አስተካክዪ!» አሏት።

ነፋሱን በጀርባዋ ከለለች፤ ቀረብ አለቻቸው፤ የጆሮ ማዳመጫዋን ማይክ ኮታቸው ላይ ሰካችላቸው። ኳኳታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አቶ ብርቅነህ ደማቸው ፈላ። «ይሄ እኮ ለበላይ አካል የሚላክ ነው! ኳኳታውን ካላጠፋሽ በዚህ ከተማ ሁለተኛ ሠርግ አትቀርጪም!»

ሴትየዋ ወረፋውን አየች፤ ቦኖውንም አየች።

«ጌታዬ፣ በእኔ በኩል ያለውን ጨርሻለሁ» አለቻቸው። «ጄሪካን ዝም የሚለው ሲሞላ ነው። ቧንቧውን ይክፈቱትና እንደገና እንቅረጽ።»