ኃላፊው የነኩት አምፖል

የወረዳው የንግድ ፈቃድ ኃላፊ የመኪናቸውን የፊት መብራት በደማቅ አምፖል ሊያስቀይሩ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄዱ። ሰውየው የግራውን አምፖል በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ገጠመው። "መስታወቱን የእጅ ቅባት ከነካው አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል" ሲላቸው፣ "እኔን ነው የምታስተምረው?" አሉና ጥብስ በበሉበት እጃቸው የቀኙን ራሳቸው ገጠሙት።

በማግስቱ የቀኙ ተቃጠለ። ኃላፊው ተመልሰው መጡና ሰው በተሰበሰበበት አፋጠጡት። "ጥፋቱ የማን ነው? የአንተ ከሆነ ፈቃድህን እነጥቅሃለሁ። የእኔ ነው ካልክ ደግሞ ሰደበኝ ብዬ አሳስርሃለሁ።"

"የአምፖሉ ነው ጌታዬ" አለ ሰውየው። "ለሰፈራችን አዲስ ስለሆነ፣ እርስዎ ያበላሹትን እንደ እኛ ችሎ መኖር ገና አልለመደም።"