ማንንም ያላስቸገረው ባለ መኪና

አንድ ባለ መኪና ነበረ። ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም ማንያህልሻል፣ እመለስበታለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ታምመሽ ስትተኚ አንድ ሰው እንኳ በርሽን እንዳላንኳኳ ነገርሽኝ። «እማሆይ፣ ሰው ለምን ራቀኝ? ማንን በደልኩ?» አልሽኝ። ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ዕድሜሽን ሙሉ አስተማሪ ስለነበርሽ ተቀምጦ ማዳመጥ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ትንሽ ቻዪኝ።

ይህ ሰው የሚኖረው ጭጋግ በማይለቀው ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ይነሳና ቤቱንም፣ ዛፉንም፣ ሰውንም ይሸፍነዋል። ቤቱ ከላይ ነው፤ ከደጁ ጀምሮ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። መኪናዋን ያወረሱት አባቱ ናቸው። ከመሬት ከፍ ያለች፣ ትርፍ ጎማዋን ከኋላ ያዘለች፣ ቤተሰቡን ከነጓዙ የምትይዝ ትልቅ መኪና ናት። ቀለሟ ድሮ ምን እንደነበረ ባልና ሚስቱ አይስማሙም። እሱ አረንጓዴ ነበር ይላል፣ እሷ ሰማያዊ ነበር ትላለች።

ሰውየው መካኒክ አይደለም፤ ግን መኪናዋን ለማንም አይሰጥም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጆንያ አንጥፎ ከሥሯ ይገባል። ቺንጊያዋ ሲበጠስ ይቀይራል፣ ራዲያተሯ ሲያፈስ ይደፍናል፣ ካንዴላዋን እያወጣ በብሩሽ ይፈትጋል። ከሥሯ ሲተኛ ዓለም ሌላ ይሆንበታል። የሚያየው እግር ብቻ ነው፤ የሚስቱ ነጠላ ጫማ፣ የዶሮ እግር፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚያልፍ ሰው ተረከዝ። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ ሲል ዓይኑ ይከደናል። አንዳንዴም መፍቻውን ደረቱ ላይ እንዳስቀመጠ እንቅልፍ ይወስደዋል። በሕልሙ መኪናዋ ጎማዋን አጣጥፋ በጭጋጉ ላይ እንደ ጀልባ ስትንሳፈፍ፣ አባቱም መሪውን ይዘው ሲስቁ ያያል። ሚስቱ «ምሳ ቀረበ እኮ» ስትለው ነው የሚነቃው።

አንድ ነገር ግን አልሆንልህ አለው። ሞተሪኖዋ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ዕቃ ማለት ነው፣ ሞቷል። ቁልፉን ሲያዞር ቀጭ ትልና ዝም ትላለች። ካልተገፋች አትነሳም።

እንዴት እንደምትገፋ ልንገርሽ። ጠዋት በሩን ይከፍትና ወደ ጭጋጉ «ጎረቤት፣ ላስቸግራችሁ» ይላል። ማንም አይታይም። መጀመሪያ ሳል ይሰማል፤ ከሳሉ በኋላ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብቅ ይላሉ። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል። ከማዶ ደግሞ ባለ ወፍጮው፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ። ልብስ ሰፊውና ባለ ወፍጮው በዝናብ ውሃ መሄጃ ቦይ ተጣልተው ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። መኪናዋን ሲገፉ ግን ትከሻቸው ይነካካል፣ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይሰማል። ሽማግሌው ለመግፋት ጉልበት የላቸውም። መዳፋቸውን የኋላ መስታወቱ ላይ ጣል ያደርጉና ወሬያቸውን ይጀምራሉ፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ልጁን እንደዳረ፣ የማን ልጅ ፈተና እንዳለፈ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች። የሰውየው ልጆች ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፋቸውን አልጨረሱም። ታች ስትደርስ ሞተሩ ድንገት ይነሳል፣ ሰዎቹም ጭጋጉ ውስጥ ቆመው ይስቃሉ። እሷ ከሄደች በኋላም ቶሎ አይበተኑም።

ሰውየው ግን ያፍር ነበር። «ሰው አስቸገርኩ» ይላታል ለሚስቱ፣ በየቀኑ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው ውሃ ሊጠይቅ ሲመጣ ላስቸግርሽ ይላል። ወንፊት ሊዋስ ሲመጣ ላስቸግርሽ ይላል። መንገድ የጠፋው እንግዳ እንኳ ላስቸግርዎት ብሎ ነው የሚጀምረው። ታዲያ ማን ተቸግሮ ያውቃል? ቃሉ በር ማንኳኪያ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። ይህ ሰው ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደውና ለጎረቤቶቼ ችግር ሆኛለሁ ብሎ አመነ።

እናም አንድ የጾም ወቅት ሞተሪኖውን ፈታው። የምግብ ጠረጴዛው ላይ በታተነው፣ አጠበው፣ ያለቀውን ቀየረ፣ መልሶ ገጠመው። አልሠራም። እንደገና ፈታው። ምስኪን ሚስቱ ሰሃን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ እንደ አዲስ ተነሳች። ደስታው ልክ አልነበረውም። «ከእንግዲህ ማንንም አላስቸግርም» አላት ሚስቱን። መስታወቱን ዘግቶ ቁልቁል ወረደ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ከደጃቸው ሲወጡ ነበር፤ መዳፋቸውን ዘርግተዋል። ሰላም ያሉት መስሎት ክላክስ አድርጎላቸው አለፈ።

ከዚያ ወዲያ ከሱ ጋር የተጣላ የለም። ይህን ልብ በይልኝ። ማንም አላማውም፣ ማንም አልጠላውም። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ «እሰይ፣ ተነሳችለት» ይሉና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ክረምት ሆነ፣ በጋ ሆነ። ሰውየው በጭጋጉ ውስጥ ሲወርድ ሰፈሩ ሰው የለቀቀው ይመስለው ጀመር። ቤቶቹ አሉ፤ ውስጣቸው ማን እንዳለ ግን አያውቅም። አንዳንዴ አንድ ጥላ በመኪናው መብራት ፊት ያልፍና ይጠፋል። ማን ይሆን ይላል ለራሱ፣ ግን አይቆምም። እሑድ ከመኪናዋ ሥር ሲያንቀላፋም አባቱ በሕልሙ መምጣት ተዉ። መኪናዋን ብቻዋን፣ ሰው ሳይነዳት ስትሄድ ያያታል።

አንድ ጠዋት ሲወርድ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው። ድንኳን ተተክሏል። ፍሬን ያዘ፣ መስታወቱን ዝቅ አደረገና እዚያ የቆመችውን ሴት «ማን ሞቶ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። በገዛ ሰፈሩ ድንኳን ፊት ቆሞ ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ምን ዓይነት ውርደት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም።

«ሽማግሌው ናቸዋ» አለችው። «ከታመሙ እኮ ከረሙ። ያንተን መኪና ድምፅ ሲሰሙ፣ ልጄ ደህና አደረ ይሉ ነበር።»

ሰውየው መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሽማግሌውን ሐኪም ቤት ልታደርስ የምትችል መኪና ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ስታልፍ ነበር። ላስቸግርህ ያለው ግን አንድም ሰው የለም። እሱ ማንንም ስላላስቸገረ እሱንም ማስቸገር ነውር መስሎ ታያቸው።

ከለቅሶው በኋላ በነበረው እሑድ ፍሬኗን ሊያስተካክል ተነሳ። የመኪና ፍሬን ሲጠገን ውስጡ የገባው አየር መውጣት አለበት። አንዱ ከላይ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ቡሎኗን ፈታ ጠበቅ ያደርጋል። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሰውየው ግን ሰው ላለመጥራት ሲል ለዚሁ የሚሆን ዱላ አበጅቶ ነበር። አንዱን ጫፍ ወንበሩ ላይ፣ ሌላውን ፔዳሉ ላይ ያስደግፍና ብቻውን ከላይ ወደ ታች ሲሮጥ ይውላል። ያን ቀን ዱላውን አነሳው። ትንሽ አየው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ ሰበረውና ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ሄደ።

«ላስቸግርህ» አለው።

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና አለ፤ የሱ መኪና እንኳ የስፌት ናት። «ምነው፣ እምቢ አለችህ?»

«ፍሬን የሚረግጥልኝ ሰው አጣሁ።»

ከዚያ ወደ ባለ ወፍጮው ሄደና የፍሬን ዘይት የሚጨምርልኝ አጣሁ አለው። ሁለቱ ግቢው ውስጥ ሲገናኙ እንደ ልማዳቸው አንዱ ሰማይ ሰማይ፣ ሌላው መሬት መሬት አየ። ልብስ ሰፊው ገብቶ መሪው ጋ ተቀመጠ። ባለ ወፍጮው ከተከፈተው ኮፈኖ አጠገብ ዘይቱን ይዞ ቆመ። ሰውየው በኋላ ጎማው በኩል ከሥር ገባ። ያን ቀን ጭጋጉ ሳይገለጥ አርፍዷል፤ ድምፅ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «ርገጥ» ቢል ልብስ ሰፊው ጋ አልደረሰም። ደግሞ ጮኸ፤ አልደረሰም። የሰማው መካከል ላይ የቆመው ባለ ወፍጮ ብቻ ነው።

ባለ ወፍጮው ዘይቱን አየ፣ ጭጋጉን አየ። ከዚያ በኮፈኖው ጎን አንገቱን አስግጎ «ርገጥ ይልሃል» አለ።

«ረገጥኩ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ይዘህ ቆይ ይልሃል።»

«ይዣለሁ።»

«በል ልቀቅ።»

ሰውየው ጆንያው ላይ ተኝቶ ይህን ሰማ። አየሩ አረፋ እየሆነ ወጣ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ዘይት መጣ፣ ሥራው አለቀ። እሱ ግን ከሥር ሆኖ ርገጥ፣ ልቀቅ ማለቱን አላቆመም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ማንያህልሻል፣ ከገባሽ ጀምሮ «እኔ ማንንም አስቸግሬ አላውቅም» ስትዪ ነው የቆየሽው፤ ያውም እንደተሸለመ ሰው ቀና ብለሽ። ባልሽ ከሞተ ወዲህ ቧንቧሽን ራስሽ ትጠግኛለሽ፣ ዕቃሽን ራስሽ ትሸከሚያለሽ፣ ትኩሳትሽንም ራስሽ አስታመምሽው። ጎበዝ ነሽ። ያንቺ ሞተር በቁልፍ ነው የሚነሳው። በርሽ ተዘግቶ ሲውል ጎረቤትሽ «እሷማ ምን ይጎድልባታል» ብሎ ያልፋል። አልዋሸም፤ ምን እንደሚጎድልሽ ነግረሽው አታውቂም። ከጎንሽ ባለው ቤትስ ማን ታሞ እንደተኛ ታውቂያለሽ? አታውቂም። እነሱም ያልነገሩሽ አንቺን ማስቸገር ፈርተው ነው።

ያ ሰው ሞተሪኖውን መልሶ አላበላሸውም። አንቺም ቧንቧሽን አትስበሪ። ዛሬ ስትመለሺ ግን የአንዷን በር አንኳኪና ላስቸግርሽ፣ ሙቀጫ አውሺኝ በያት። ሙቀጫ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ያንቺን ደብቂው። እዚያው እየወቀጥሽም ታምሜ ነበር በያት። እንዴት ሳትነግሪኝ ብላ ትቆጣሻለች። ትቆጣሽ፤ ሳምንቱን ሙሉ አልጋሽ ላይ ሆነሽ የናፈቅሽው እሱን ነው።

ሰው አልራቀሽም፣ ልጄ። መግቢያ አጥቶ ደጅሽ ላይ ቆሟል።