የጅብ አገርና የጦጣ አገር ወይራ

አንድ ጊዜ ጅቦችና ጦጣዎች ከአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ የየራሳቸውን አገር አቁመው ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ደን አልነበራቸውም። ለቤታቸው ምሰሶ የሚሆነውን ወይራ የሚሸምቱት ከዝሆኖች አገር ነው፤ ዝሆን ጨው ይወዳልና ዋጋው በአሞሌ ይከፈላል። እንጨቱን ለሁለቱም የምታመላልሰው አንዲት አህያ ነበረች። ውርንጭላዋን ከኋላ አስከትላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ብዙ አይታ ጥቂት የምትናገር እናት።

አንድ ዓመት በጋው ጠናና ምንጩ ሁሉ ደረቀ። ወንዙም ውሃ የቀረው በአንድ መልካ ብቻ ሆነ። የአውሬው ሁሉ ዳኛ አያ አንበሶ፣ ከሁለቱ አገሮች ይበልጥ ያደገው መልካውን ይጠብቅ ብሎ አወጀ። አህያ ይህን ስትሰማ ውርንጭላዋን ወደ ራሷ አስጠጋች። መልካው በጅብ እጅ ከገባ እሷና ውርንጭላዋ ውሃ ሊጠጡ ወርደው እንደማይመለሱ ለማወቅ መማር አያሻም።

ቀበሮ ግን ወዲያው ወደ አያ ጅቦ ሮጠች። ጅብ መልካውን ከያዘ ከማዕዱ የሚተርፍ አጥንት እንደማይጠፋ ታውቃለች። እኔ ልሟገትልህ አለችው፤ እሱም ደስ ብሎት እሺ አለ።

በቀጠሮው ቀን ሁሉም ከአንድ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ቀበሮ አሸዋውን በጅራቷ ደልደል አደረገችና በጥፍሯ ሁለት መስመር ጫረች።

«ጌታዬ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም አገሮች ለወይራ የከፈሉት ጨው እኩል ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ ግን የጅብ መስመር ሽቅብ፣ የጦጣ ቁልቁል። ዘንድሮ ጦጣ ያስገባችው አንድ የበር መቀርቀሪያ ብቻ ነው። ያደገው ማን እንደሆነ መስመሩ ራሱ ይናገር።»

አያ ጅቦ ደረቱን ነፋ። እመት ጦጢት ተነስታ፣ የእነሱ ምሰሶ ከመተከሉ በፊት እግሩ በእሳት ስለሚለበለብ ምስጥ እንደማይደፍረው፣ የድሮውም እስከ ዛሬ ቆሞ እንዳለ ልታስረዳ ሞከረች። ጅቦቹ ግን የመቀርቀሪያዋን ነገር እያነሱ እየሳቁ አላስጨርስ አሏት። አንበሳም መስመሮቹን አየት አየት አድርጎ ሊፈርድ ጉሮሮውን ጠረገ።

አህያ ውርንጭላዋ ሆዷ ሥር ሲሸጎጥ ተሰማት።

«አያ ጅቦ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጀርባዬ ተልጧልና አስቀድሜ ልወቀው። ለከርሞስ ምን ያህል ልሸከም ነው?»

«የዘንድሮውን እጥፍ ነዋ» አለ ጅብ ኮራ ብሎ። «የዘንድሮው እስከ ክረምት መች ይደርሳል?»

«ምን ያገኘዋል?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«እኛ ነና፣ ጌታዬ። ከጦጣ ቤት እንዲያምር ብለን ምሰሶውን ሞራ እንቀባዋለን። ማታ ማታ ሽታው ሲያስቸግረን ትንሽ እንልሰዋለን። ከላስነው ወዲያ ደግሞ ማን ያቆመናል፣ እንቆረጥመዋለን። አምና ጣራው ሲወርድብን ገና ግማሹን እንኳ አልጨረስንም ነበር።»

ቀበሮ ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች መስመሩን በጅራቷ ማጥፋት ጀመረች።

«ተይው፣ እመት ቀበሮ» አለ አንበሳ። «መስመሩስ ልክ ነው። ሽቅብ የወጣው ግን የጅብ ሆድ ነው።»

መልካው ለጦጣዎች ተሰጠ። አህያም ጭነቷን አራግፋ ከውርንጭላዋ ጋር ወረደች፤ ውርንጭላው እስኪጠግብ ጠጥቶ በተረፈው ተንቦጫረቀበት። አያ ጅቦ ግን ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት እመት ጦጢትን ለብቻዋ ጠጋ ብሎ፣ የተለበለበ ወይራ ከሞራው ይጣፍጥ እንደሆን ጠየቃት ይባላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ዘንድሮ ከጎረቤት አብልጠን ሸመትን ብለን ከመኩራታችን በፊት የአምናው የት እንደገባ ቤታችንን ዞር ብለን ማየት እንዳለብን ነው።