ያልተቆረጠው ገጽ

በእኛ ሰፈር አዲስ ጫማ ገዝቶ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ባስቀመጠ ሰው ላይ የሚጣል አንድ አባባል አለ። የቡፌውን ስኒ ለእንግዳ እንኳ የማያወርድም አያመልጠውም። ከየት እንደመጣ ግን ብዙዎች አያውቁም። እኔ የማውቀው ቤታችን ከወይዘሮ ይመናሹ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ነው። አባባሉ በተወለደበት ቀን መቀመጫ አንሷቸው ከቤታችን ሁለት ወንበር ተሸክሜ ገባሁ። ቁጭ በይ ያለኝ የለም፤ ውጪ ያለኝም የለም።

ነገሩ የሆነው ደሴ ነው። የወይዘሮ ይመናሹ ባል ጋሽ ተካልኝ፣ ጡረታ የወጡ የክሊኒክ ድሬሰር፣ ገበጣ ይወዱ ነበር። የሚጫወቱት ከአንድ አሮጌ የገበጣ መጽሐፍ እየተመሩ ነው። ከመጽሐፉ የወጣ ተጫዋች ሲያዩ “ቀማኛ” ይሉታል እንጂ ተሸነፈ ወይም አሸነፈ አይሉም። መጽሐፉ ከቤት ከጠፋ ዓመት ቢያልፈውም በቃላቸው ይዘውት ነበር። አንድ ረፋድ ላይ የገጽ ሠላሳ አንድን እንቆቅልሽ በጠጠር ደረደሩ፤ ሳይጨርሱት አረፉ።

አርባቸው ወጣ፤ ጠጠሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ገበጣው ያለው በቤቱ ብቸኛ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ወይዘሮ ይመናሹ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይበላሉ። አንሺው ሲባሉ “የጀመረውን ሳይጨርስ እንዴት አነሳበታለሁ” ይላሉ። በመጨረሻ ቃላቸውን አስነገሩ። እንቆቅልሹን በመጽሐፉ መሠረት የጨረሰ ሰው ገበጣውን ይወስዳል፤ ከራሱ ጭንቅላት አምጥቶ የሚጨርስ ግን ደጃፋቸውን እንዳይረግጥ።

ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንደኛው ልብስ ሰፊው ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ከሟቹ ጋር ሃያ ዓመት ተጫውተዋል። ሁለተኛው አቶ አምደማርያም፣ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ጡረተኛ፣ አሮጌ ዕቃ ይሰበስባሉ። ዘፍኖ የማያውቅ ግራሞፎን አላቸው። ገበጣውን የፈለጉት ከጥንት ወይራ የተፈለፈለ ስለሆነ ነው።

ሁለቱም ፒያሳ ደረጃው ላይ አሮጌ መጽሐፍ ወደሚሸጠው ወደ ሙሄ ሄዱ። ሙሄ ዘንድ ከአንድ መምህር ውርስ የመጣ አንድ ዋና ቅጂ ነበር። ከሌላ ቅጂ ራሱ ያባዛቸው ግልባጮችም ነበሩት፤ በግልባጮቹ ዳር የእርሳስ ጽሑፍ አብሮ ታትሟል።

“ይሄ ዳር ዳሩን የሞላው ምንድን ነው?” አሉ አቶ አምደማርያም።

“ያባዛሁበት መጽሐፍ ባለቤት የጻፈው ነው። አብሮ ወጣ።”

“የማንም ጭረት ቤቴ አይገባም።”

የማን እንደሆነ አልጠየቁም፤ ሙሄም የሚያሳፍረው ነገር ስለነበረ አልተናገረም። ዋናውን ገዝተው ሄዱ። ጋሽ እንድሪስ ግልባጩን አንድ ሱሪ በማሳጠር ዋጋ ወሰዱ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተሰበሰብን። ሙሄም ሁለቱንም የሸጠ እሱ ነውና ሊያይ መጥቷል። ለአቶ አምደማርያም በዕድሜያቸው ቅድሚያ ተሰጣቸው። መጽሐፉን ከሦስት ጨርቅ ፈቱት። ቀኝ እጃቸው ላይ ነጭ ጓንት ነበር፤ ግራው ጠፍቶባቸው ነው። ገለጥ ገለጥ አድርገው ሃያ ዘጠኝ ላይ ደረሱና ቆሙ። መጽሐፉ ድሮ ሲጠረዝ እዚህ ላይ የወረቀቶቹ እጥፋት አልተቆረጠም። ገጽ ሠላሳና ሠላሳ አንድ ተያይዘው እንደ ኪስ ተዘግተዋል። ዓይናቸውን ከላይ አስጠግተው እንደ ጠባብ ማሰሮ ወደ ውስጥ አዩ።

“ምን ይታያል?” አሉ ወይዘሮ ይመናሹ።

“ጅማሬው ይታያል። ‘ከሁለተኛው ጉድጓድ’ ይላል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ይጨልማል።”

ወይዘሮ ይመናሹ ጓዳ ገብተው የሽንኩርት ቢላ አመጡላቸው። አቶ አምደማርያም ቢላውን አይተው መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ያዙት።

“እንዳልተቆረጠ ስድሳ ዓመት የቆየ ነው፣ ወይዘሮ ይመናሹ። ቢላ የነካው ዕለት ያው እንደማንኛውም መጽሐፍ ይሆናል።”

“እንደማንኛውም መጽሐፍ ቢነበብ ምን ይሆናል?”

አቶ አምደማርያም ሦስቱን ጨርቅ መልሰው ጠቀለሉ።

ጋሽ እንድሪስ ተራ ደረሳቸው። ጠጠሮቹን ከመንካታቸው በፊት በየጉድጓዱ አጠገብ የጠጠሩን ቁጥር በልብስ ጠመኔያቸው ጠረጴዛው ላይ ጻፉ። ከዚያ ግልባጩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ መጽሐፉ እንዳለው ከሁለተኛው ጉድጓድ አንሥተው እየዘሩ ሄዱ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን መያዝ ሲገባቸው አንዲት ጠጠር ብቻ መሄጃ አጥታ ቀረች። እንደ ጠመኔው መልሰው ደርድረው ደገሙት። ያቺው ጠጠር ቀረች።

“እንግዲህ መጽሐፉ ነው የቀማው” አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ወይዘሮ ይመናሹ አልሳቁም። ጭናቸው ላይ የሚበሉባቸውን የቀሩ ቀናት የሚቆጥሩ ይመስል ገበጣውን ያያሉ። ጋሽ እንድሪስ ጠጠሮቹን በጠመኔው መሠረት ለሦስተኛ ጊዜ መለሱና ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው የዳሩን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። መነጽራቸውን ረስተው ስለመጡ አንድ አንድ ቃል እየለቀሙ ነበር።

“‘ስህተት ነው። ከሦስተኛው ይጀመር። ይመናሹ... እንዳለችው።’”

ወይዘሮ ይመናሹ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“የእሱ እጅ ነው” አሉ።

ሙሄ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። መጽሐፉን ለማባዛት የተዋሰው ከጋሽ ተካልኝ ነበር። ካባዛው በኋላ ሱቁ ጎርፍ ገብቶ የተዋሰው መጽሐፍ ተበላሸበት። ካሳ ብሎ ግልባጭ ቢሰጣቸው ጋሽ ተካልኝ “በቃሌ ነው የማውቀው፤ ለሌላ ሰው ሽጠው” ብለው መለሱለት፤ ለማንም አልከሰሱትም።

“ይሄን ነገር እኔ ነኝ ያልኩት” አሉ ወይዘሮ ይመናሹ። “በትከሻው በኩል አይቼ ሦስተኛው ነው አልኩት። መጽሐፍ አይሳሳትም አለኝ። ሁለት ቀን ተኮራረፍን።” ወረቀቱን አጠፉት። “በአፉ አልነገረኝም።”

ጋሽ እንድሪስ ከወንበሩ ተነሡላቸው። ወይዘሮ ይመናሹ ቁጭ ብለው ከሦስተኛው ጉድጓድ አነሡ፤ ሳይቸኩሉ ዘሩ። የመጨረሻዋ ጠጠር ቦታዋ ገባች። ለጥቂት ጊዜ እጃቸውን ገበጣው ላይ እንዳደረጉ ቆዩ፤ ከዚያ ጠጠሮቹን ሁሉ አፍሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ።

“የጨረሰ ይወስዳል ብለሻል” አሉ ጋሽ እንድሪስ።

“ብያለሁ፤ የጨረስኩትም እኔ ነኝ። እዚሁ ይቀመጣል። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ፤ ከሦስተኛው ነው የምንጀምረው።”

አቶ አምደማርያም ጥቅላቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው እስከ በር ከደረሱ በኋላ ዞር አሉ። ስህተቱ በእሳቸውም ቅጂ ላይ መኖሩ የዋናነቱ ማረጋገጫ እንደሆነ፣ ይህም ዋጋውን ከፍ እንደሚያደርገው አስረዱን። ከዚያ ወጡ።

እኔ ወንበሮቻችንን አነሣሁ፤ ወይዘሮ ይመናሹ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጠመኔ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። ሙሄም አቶ አምደማርያም ጥቅላቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ቁልቁለቱን ሲወርዱ በመስኮት እያየ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አለ፦ “የተጠቀለለ ዋና፣ በተገለጠ ግልባጭ ይቅና።”