ሦስት ረድፍ ዶቃ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ በዙሉ አገር ዱሚሳ የሚባል ሰው ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ትልቋ ኖዚፖ ቸር ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዶቃ ስትሰፋ ዓይኗ ደክሟል። ታናሿ ባፊኪሌ ቀናተኛ ነበረች።

በዚያ አገር ያገባች ሴት ትከሻዋን በዶቃ ካባ ትሸፍናለች። በባሏ አባት ፊት ትከሻን መግለጥ ነውር ነው። የዶቃው አደራደርም የየት አገር ሰው እንደሆነች ይናገራል። በዱሚሳ መንደር ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከመሃል፣ ጥቁሩ ከታች ነው። ከወንዙ ማዶ ጥቁሩ ከላይ ይሆናል።

አንድ ዓመት የዱሚሳ ወገንና የማዶው ወገን ተዋጉ። በወንዙ መሻገሪያ የዱሚሳን መንደር ሊጠብቁ ከሩቅ የመጡ ጠባቂዎች ቆሙ። የመንደሩን ሰው በመልክ አያውቁም፤ የማዶን ዶቃ የለበሰውን ግን ሰላይ ነው ብለው ይወጋሉ።

አንድ ቀን ኖዚፖ በማግስቱ ወደ ወንዙ ልትወርድ ነበር። ባፊኪሌ ሌሊት የኖዚፖን ካባ ሰረቀች። ነጩን ፈታች፣ ቀዩን ፈታች፣ ጥቁሩን ፈታች። እንደ ማዶዎቹ አድርጋ ሰፋችና መለሰችው።

ጠዋት ባፊኪሌ ካባዋን አጥባ አስጥታ፣ ትከሻዋን ገልጣ እህል ትፈጫለች። ድንገት አማቷ፣ የዱሚሳ አባት፣ በበሩ ብቅ አሉ።

«እቴ፣ ተሸፈኚ!» አለች ኖዚፖ። የራሷን ካባ ጣለችባትና ወደ ጎጆዋ ሸሸች።

አማት የምራታቸውን ትከሻ አያዩም፤ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። «ልጄ፣ ለጠባቂዎቹ ጠላ አድርሺ» አሉ።

«አባቴ፣ እግሬን አሞኛል።»

«ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

«ኖዚፖ ትሂድ።»

«እሷማ አታይም፣ ትደፋዋለች።»

«ካባዬ እስኪደርቅ ልቆይ።»

«የለበስሽው ታዲያ ምንድን ነው?»

እውነቱን ብትናገር ትባረራለች። እንስራውን ተሸክማ ቁልቁለቱን ወረደች። አማቷ በር ላይ ተቀምጠው ከላይ ያዩዋታልና ካባውን ማውለቅ አልቻለችም።

«የማን ነሽ?» አላት ጠባቂው።

«የዱሚሳ ሚስት።»

«ዶቃሽ የማዶ ነሽ ይላል።»

«እኔ ነኝ የለወጥኩት! ለጣውንቴ ነበር!»

«ሰላይ ምክንያት አያጣም» አለና ወጋት።

አማቷ ከላይ ጮኹ። ወንዙ ድምፃቸውን ዋጠው።

የሆነው ይህ ነው፣ ልጆች፤ የጨመርኩበት የለም። ክፋት ለማን እንደተሰፋ አይጠይቅም፤ ያገኘው ትከሻ ላይ ይወድቃል።