ማንጠግቦሽ ልጇን የምታጥብበት ውሃ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ደጇ ላይ ውሃ ተኝቶ ውሃ የቸገራትን ሴት ታሪክ ላውጋችሁ።

ማንጠግቦሽ የምትኖረው በትልቁ ሐይቅ ዳር ነበር። ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ከሐይቁ በአሸዋ ክምር የተለየች ትንሽ ውሃ ነበረች። ድሮ ሁለቱ በአንዲት ጠባብ አፍ ይገናኙ ነበር። አፏ በደለል ሲደፈን ግን ውሃዋ አረንጓዴ ለበሰች፤ ሸተተች፤ ዓሣዋም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ከእሷ የጠጣ ልጅ ይታመማል፤ የታጠበ ገላው ይቆስላል። ማንጠግቦሽ ደግሞ አርግዛለች። ምኞቷ አንድ ነው፤ የሚወለደውን ልጇን በንጹህ ውሃ ማጠብ።

ዳሯ ላይ ቆማ «ምነው ብትጠሪልኝ?» አለቻት። ውሃዋ ምን ታድርግ? ሐይቁ አይገባ፣ ውሃዋ አትጠራ፣ ማንጠግቦሽ ልጇን አታጥብ።

የታንኳ ቀዛፊዎቹ አለቃ ስንሻው ዘንድ ሄደች። «አያ ስንሻው፣ ጓደኞችህን ይዘህ አፏን ክፈትልኝ።»

«እኔስ ደስ ባለኝ፤ ግን ገበሬው ቢተው ደለሉ ላይ ሽንኩርት ተክሏል። የሰው ሰብል ላይ አካፋ አላሳርፍም» አላት።

ስንሻው አፏን አይከፍት፣ ሐይቁ አይገባ፣ ውሃዋ አትጠራ፣ ማንጠግቦሽ ልጇን አታጥብ።

ቢተው ከሽንኩርቱ መሐል ቀና ሳይል ይኮተኩታል። «የት ልውሰደው እህቴ? የዳገት ማሳዬን ጎርፍ ጠርጎ ወሰደብኝ። አፏን የደፈነውም እኮ የእኔው አፈር ነው። ከላይ እርከን ተሠርቶ ጎርፉ ካልቆመ ወዴት ልመለስ? ልጆቼስ ምን ይብሉ?»

ጎርፉ አይቆም፣ ቢተው ሽንኩርቱን አያነሳ፣ ስንሻው አፏን አይከፍት፣ ሐይቁ አይገባ፣ ውሃዋ አትጠራ፣ ማንጠግቦሽ ልጇን አታጥብ።

ዳገቱ የሁለት ወንድማማቾች፣ የፈለቀና የደምሌ ነው። እያረፈች ወጥታ ታላቁን ለመነችው።

«ብቻዬን እንዴት ልሥራው? ድንጋዩ ያለው በደምሌ በኩል ነው። ደምሌ ደግሞ አያናግረኝም» አላት ፈለቀ።

«ለምን?» ብትለው «እሱን ጠይቂው» አላት።

ፈለቀ እርከን አይሠራ፣ ጎርፉ አይቆም፣ ቢተው ሽንኩርቱን አያነሳ፣ ስንሻው አፏን አይከፍት፣ ሐይቁ አይገባ፣ ውሃዋ አትጠራ፣ ማንጠግቦሽ ልጇን አታጥብ።

ደምሌን ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሆዷን አይቶ ፊቱን አዞረ። «ልጄ ትርንጎ ከዚያች ውሃ ጠጥታ ሞተችብኝ። አገር ሁሉ ወጥቶ ቀበራት። ወንድሜ ብቻ ከቀብሯ ቀረ። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፤ ከእሱ ጋር ታረቅ ግን አትበይኝ።»

ደምሌ ወንድሙን አያናግር፣ ፈለቀ እርከን አይሠራ፣ ጎርፉ አይቆም፣ ቢተው ሽንኩርቱን አያነሳ፣ ስንሻው አፏን አይከፍት፣ ሐይቁ አይገባ፣ ውሃዋ አትጠራ፣ ማንጠግቦሽ ልጇን አታጥብ።

ማንጠግቦሽ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ፈለቀ ተመለሰች።

«የወንድምህን ልጅ ለምን አልቀበርካትም?»

ፈለቀ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ተኳርፈን ነበር። በማግስቱ ልሄድ ብዬ አፈርኩ። እያደር ደግሞ ባሰብኝ። አሁን በምን ፊቴ ልሂድ?»

«በዚሁ ፊትህ» አለችው።

ፈለቀ ትልቅ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ እንደ ጥፋተኛ ከወንድሙ ደጅ ተንበረከከ። ድንጋዩ ፈለቀን ከበደው። «ትርንጎ ታማ ሳለች ስትጠራህ ነበር እኮ» አለ ደምሌ። ፈለቀም ጮኾ አለቀሰ። ያኔ ደምሌ ተነሥቶ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደለት።

ደምሌ ወንድሙን አናገረ፣ ፈለቀ እርከን ሠራ፣ ክረምቱ ቢገባም ጎርፉ ቆመ፣ ቢተው ሽንኩርቱን አነሳ፣ ስንሻው አፏን ከፈተ፣ ሐይቁ ገባ። ውሃዋ ግን ባንዴ አልጠራችም። እነ ስንሻው አረሙን ከላይዋ እየነቀሉ፣ ልጆች የሞተውን ዓሣ እየለቀሙ፣ መስከረም ሲጠባ ነው የታችኛው አሸዋ የታየው።

በዚያው ሰሞን ማንጠግቦሽ ሴት ልጅ ወለደች። ውሃውን ቀድቶ ያመጣው ደምሌ ነበር። ወንድ አራስ ቤት አይገባምና እንስራውን ለሴቶቹ አቀብሎ ሊሄድ ዞረ። ከውስጥ ውሃ ሲፈስስ፣ ሕፃኗም ስታለቅስ ሰማ። እግሩ አልሄድ አለው። ለቅሶዋ እስኪበርድ ድረስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

ማንጠግቦሽም ልጇን አጠበች።